ድልድዩ የተዘጋ ዕለት ገንዘቡ እንዴት ተሻገረ

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ። ግራጫ ቀለም የተቀባው የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ መደገፊያ ብረት፣ ከረጅም ጥናትና ከጥልቅ ውይይት በኋላ፣ እንደገና ግራጫ ቀለም እንዲቀባ የተወሰነ መሆኑን፤ በዚሁ ታላቅ ሥራ ምክንያት ድልድዩ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ለእግረኛ ዝግ መሆኑን፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ኅብረተሰቡ የተለመደ ትዕግሥቱን እንዲያሳይ በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን።

ማስታወቂያው በድልድዩ እግር ሥር፣ በሁለት በርሜሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ አንድ ጎልማሳነትን የተሰናበቱ ሰው ቆመው ያነባሉ። አንብበው ጨረሱና እንደገና ከላይ ጀመሩ፤ ወረቀቱ ሁለተኛ ሲነበብ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስል። አንገታቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተጠምጥሟል። ሰፈሩ በሙሉ "ጋሽ ሜትር" የሚላቸው በዚሁ ሜትር ነው፤ ሰርግ ቤትም ሐኪም ቤትም ሲሄዱ አያወልቁትም። ሚስታቸው እንደሚሉት ከሆነ የሚያወልቁት ለመኝታ ብቻ ነው፣ እሱንም ተለምነው።

የእህታቸው ልጅ ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ነበር። የአውቶብሱ ሾፌር የእሷን ፌርማታ ዘሎ እዚህ አወረዳት፤ "እዚህም እዚያም አንድ መንገድ ነው" አላት፣ ፍልስፍና እንደሚያስተምር ሰው። እየተነጫነጨች ወደ ኋላ ስትመለስ መጀመሪያ ሜትሩን አየችው፤ ከሜትሩ ቀጥሎ አጎቷን።

ልጅቱ አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምራለች። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ባለጉዳዮችን "ነገ ይምጡ" ከሚል ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ፣ ነገ የመጡትን ትቀበላለች። አጎቷ "ምሩቋ" ይሏታል፤ ሲደሰቱባትም ሲናደዱባትም ቃሉ ያው ነው፣ የሚለየው ድምፃቸው ነው። እሷ ግን በየትኛውም ድምፅ ብትጠራ አትቀየምም። አንደኛ ክፍል ስትገባ የዩኒፎርም ቀሚሷን የሰፉላት እሳቸው ናቸው፤ ከታች ሰፊ እጥፋት ትተው፣ ልጅቱ ባደገች ቁጥር አንድ እጥፋት እየፈቱ፣ ያንኑ ቀሚስ ለዓመታት አስኬዱት። የክፍል ጓደኞቿ በየዓመቱ አዲስ የተገዛላት ይመስላቸው ነበር። ያንን እጥፋት እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ለእሳቸው ግን ነግራቸው አታውቅም።

"አጎቴ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"አነባለሁ።"

"ሱቁን ማን ይዞልዎት ነው?"

"ቁልፉ።"

ጉዳዩን ከአፋቸው ለማውጣት ትንሽ መጎትጎት ነበረባት። ሲወጣ እንዲህ ነበር። ሚስታቸው የአዝራር ቀዳዳ ሠሪ ናቸው፤ በሱቁ ውስጥ መርፌ የሚገባው ክር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር የሚገባው። አሁን ግን ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ፣ የመርፌውን ቀዳዳ በምላሳቸው ጫፍ እስከ መፈለግ ደርሰዋል። ባለፈው ሰሞን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ነጭ ሸሚዝ አራት ነጭና ሁለት ሐምራዊ አዝራር ተከሉለት፤ ሰውየው አዲስ ፋሽን መስሎት አመስግኖ ሄደ፣ እሳቸው ግን ማታውን አለቀሱ። ከዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ የዓይን ሐኪም አሁን ክሊኒኩ ውስጥ ነው። ወረፋ ደርሷቸዋል። ክፍያው ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልገባ ግን ወረፋው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል፤ ሐኪሙም የሚመለሰው በዓመቱ ነው።

"ገንዘቡ የለም?" አለች ልጅቱ።

ገንዘቡማ አለ። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ጠዋት ልካለች። የላከችው በሰማያዊው ነው፤ ክሊኒኩ የሚቀበለው በቢጫው ነው። በሰማያዊውና በቢጫው መካከል ደግሞ ድልድዩ አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ሰማያዊውና ቢጫው በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ድርጅቶች ናቸው። ሁለቱም አፕ አላቸው፤ ሁለቱም ዘፈን አላቸው፤ ሁለቱም በየግድግዳው ላይ ስልክ ይዛ ያለ ምክንያት የምትስቅ ሴት አላቸው። ለዓመታት አንዱ የሌላውን ስም አይጠራም ነበር። ሰማያዊው አንድ ማስታወቂያ ሲያሠራ ከተራራው ጀርባ የምትወጣው ፀሐይ ቢጫ እንዳትሆን ብሎ ቀይ አስቀባት እየተባለ ይወራል። በቅርቡ ግን ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ እንዲያልፍ መንገድ ተከፍቷል። ስለ መከፈቱ ሁለቱም ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ ተኳርፈው ኖረው በሽማግሌ የታረቁ ጎረቤታሞች ስለ እርቃቸው በየደጃፉ አያወሩም።

ጋሽ ሜትር ደግሞ የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ከድልድዩ ወዲህ ከምትገኘው የሰማያዊው ወኪል ገንዘቡን በጥሬው ያወጣሉ፤ ራሳቸው ከሸሚዛቸው ሥር በሰፉት የደረት ኪስ ይከቱታል፤ በሁለት አዝራር ይቆልፉታል፤ ድልድዩን ወጥተው ይወርዱና ማዶ ቢጫ ጃንጥላ ተክሎ ለሚቀመጠው ወኪል ያስረክባሉ። ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ይገባል። ከአንድ ስልክ ወጥቶ እዚያው ስልክ ውስጥ ሊገባ፣ መሐሉን በአጎቷ ጉልበት ሲሻገር ኖሯል ማለት ነው። ዛሬም ሊያወጡት ነበር። ነገር ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ከማውጣታቸው በፊት መንገዱን ለማየት መጡ፤ መንገዱም ቀለም ተቀብቶ ጠበቃቸው። ከታች ያለው አውራ ጎዳና መኪና ብቻ የሚምዘገዘግበት ነው፤ በእግር የሚያሻግር ሌላ ቦታ ታክሲ ተይዞ የሚደረስ ነው፣ ታክሲውም የተገኘ እንደሆነ።

"አጎቴ፣ እዚሁ ቆመን ከሰማያዊው ወደ ቢጫው መላክ እንችላለን እኮ።"

ጋሽ ሜትር ጭንቅላታቸው ተነቅሎ ታጥቦ እንዲመለስ ሐኪም እንዳዘዘባቸው ሰው አዩዋት።

"ምሩቋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "ከማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ባላንጣ አለኝ እንበል። ደንበኛ መጥቶ ጨርቁን ለእኔ ሰጥቶ 'ለእሱ አድርስልኝ' ቢለኝ፣ አደርስለታለሁ?"

"አያደርሱለትም?"

"ኧረ አደርስለታለሁ። አንድ ክንድ ቀንሼ ነዋ።"

"እርስዎ እንደዚያ አድርገው አያውቁም።"

"አላደርግም። ሊደረግ እንደሚችል ግን አውቃለሁ፤ ሙያው የኔ ነው።"

ልጅቱ ሳቋን ዋጠች። በትምህርት ቤት የተማረችው ቃል ሁሉ እዚህ ቦታ ጥቅም እንደሌለው ገባት፤ ስለዚህ ዓይኗ ያረፈበትን ነገር አነሣች።

"እሺ፤ ጨርቁ ከእርስዎ እጅ ሲወጣ ሜትር የያዘ ሦስተኛ ሰው ቢለካውስ? እዚያም ሲደርስ ያው ሰው በዚያው ሜትር ቢለካው?"

ጋሽ ሜትር እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ።

"በሰማያዊውና በቢጫው መካከል የቆመ ሦስተኛ ወገን አለ" ብላ ቀጠለች። "ከዚህ መቶ ከወጣ እዚያ መቶ መግባት አለበት። ካልገባ ልዩነቱ እዚያው ይታያል፤ ለሁለቱም ይታያል። የሚወስዱት ክፍያም አስቀድሞ ተጽፎ ይመጣልዎታል፣ ካልተስማማዎት ይተዉታል። አሁን ሲያወጡ ምን ያህል ይቆርጡብዎታል?"

የማውጫውን ክፍያ ነገሯት። የቀጥታ መላኪያው ከዚያ ምን ያህል እንደሚያንስ ስልኩ ላይ አሳየቻቸው። ልዩነቱ የሁለት ጥቅል ክር ዋጋ ነበር። ልብስ ሰፊ በቁጥር አይደንቀውም፣ በክር ግን ይደነቃል፤ ጋሽ ሜትር ቅንድባቸውን አነሡ። ይሁን እንጂ ቅንድብ እንጂ እጅ አላነሡም።

"ቢጠፋስ? ማንን አንቄ እይዛለሁ? ያ ሰውዬ ገንዘቤን ቢያጠፋ" አሉ ወደ ማዶው ጃንጥላ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ "ኮሌታውን የት እንደማገኘው አውቃለሁ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

"ድልድዩ ላይ ኪስ አውላቂ ቢወስድብዎትስ? የማንን ኮሌታ ይይዛሉ? ኪስ አውላቂ ደረሰኝ አይሰጥም፣ አጎቴ። ይኼኛው ግን ለእያንዳንዱ የተላከ ገንዘብ የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ችግር ከመጣ በዚያ ቁጥር ሁለቱንም ቤት ይጠይቃሉ። የት እንደቆመ መናገር ግዴታቸው ነው።"

"እንዳንቺ መሥሪያ ቤት 'ነገ ይምጡ' ቢሉኝስ?"

ይኼ ቀጥታ ደረቷ ላይ አረፈ። ልጅቱ ሐቀኛ ስለሆነች "ሊሉ ይችላሉ" አለች። "ቁጥሩን ይዘው ነገ ሲሄዱ ግን ከዜሮ አይጀምሩም።"

ጋሽ ሜትር አሁን የመጨረሻውን ጥይታቸውን አወጡ፤ የፀጉር አስተካካዩን ጉዳይ። ከሱቃቸው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ለወንድሙ የላከው ገንዘብ ለማያውቀው ሰው ደርሶ፣ ሰውየው ስልኩን ዘግቶ እንደ ጉም በነነ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ይህን ታሪክ ለማንም ደንበኛ ሳይተርክ አያሰናብትም፤ ምላጭ ይዞ ስለሚተርከውም የሚከራከረው የለም።

ልጅቱ አልካደችም። ተሳስቶ የሄደ ገንዘብ መመለስ ከባድ መሆኑን፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንደማይመለስ ነገረቻቸው። ነገር ግን ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ስልኩ የማያውቀውን ሰው ስም አውጥቶ "ለዚህ ሰው ነው ወይ?" ብሎት ነበር። እሱ ስሙን ሳያነብ፣ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ "አዎ" አለው።

"እርስዎ ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት ስንት ጊዜ ይለካሉ?" አለች።

"እስኪበቃኝ።"

"ስሙንም እንደዚያው። ጮክ ብለው ያንብቡት። መጀመሪያ ትንሽ ይላኩ፤ ስትደርስ ትልቁን። የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ፤ ለእኔም ቢሆን። የማያውቁት ሰው ደውሎ 'በስሕተት ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ' ካለም መጀመሪያ ሒሳብዎን ይዩ።"

"ለአንቺም አልናገርም?"

"ለእኔም።"

ይኼ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አሰኛቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስልክ የሚያስተምሯቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቋቸው የሚስጥር ቁጥራቸውን ነበር።

ደስ ቢላቸውም አልተነቃነቁም፤ ድልድዩን እያዩ ቆሙ። ከላይ ቀለም ቀቢው እግሩን አንፈራጥጦ ግራጫውን በግራጫ እያለበሰ ያፏጫል። ያኔ ስልካቸው ጠራ። ሚስታቸው ነበሩ። ጋሽ ሜትር ስልኩን ሲያነሡ ድምፁ ለልጅቱም ተሰማት፤ እትዬ በስልክ ሲያወሩ ርቀቱን በጉልበት የሚያካክሱ ሴት ናቸው። ክሊኒኩ ደውሎ ገንዘቡ አልገባም ብሏቸዋል። ቀጥላ ያለችው ሴትዮ ከክፍለ ሀገር መጥታ በራፉ ላይ እንደተቀመጠች፣ ወረፋው ለእሷ ሊሰጥ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። እሳቸው ግን ታጥበው፣ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል።

"ሁለቱም ጫማ አንድ ዓይነት መሆኑን ግን አላረጋገጥኩም" አሉ እትዬ። "ስትመጣ ታይልኛለህ።"

"መንገድ ላይ ነኝ" አሉ ጋሽ ሜትር። ውሸት አልነበረም፤ መንገድ ላይ ነበሩ፣ ቆመው።

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ሰው ፊት ሊናገሩት የከበዳቸውን ነገር ለበርሜሉ የሚነግሩት ይመስል አንገታቸውን ደፍተው፣ "ከጠፋ ሌላ የለም" አሉ። "ልጃችን ተበድራ ነው የላከችው። እኔ ስሸከመው ቢያንስ የትኛው የድልድዩ ደረጃ ላይ እንደጠፋ አውቃለሁ።"

ልጅቱ አሁን ክርክሩን ያሸነፈችው መስሏት እንደነበር፣ ነገር ግን ሲከራከሩ የቆዩት ስለ ስልክ እንዳልሆነ ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በትንሽ እንሞክር አለች፤ አሥር ብቻ፣ ከራሳቸው ሰማያዊ ወደ ራሳቸው ቢጫ።

"አይሆንም" አሉ። "ላኪውም ይኼው ስልክ፣ ተቀባዩም ይኼው ስልክ። ከሳሽም ዳኛም ራሱ ሆኖ ደርሷል ቢለኝ ማን ይመሰክርልኛል? ምስክር ማዶ መሆን አለበት።"

ከዚያም ሳያመነቱ አንድ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ጠሩ። ልጅቱ ተገረመች፤ አጎቷ የገዛ ቁጥራቸውን ሲጠየቁ እንኳ የሱቃቸው በር ላይ ሄደው የሚያነቡ ሰው ናቸው።

"የማን ነው?"

"የዚያ ሰውዬ።"

ያ ሰውዬ ማለት ባለ ጃንጥላው ናቸው። ታሪኩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ጃንጥላው ጃንጥላ ከመትከላቸው በፊት የጋሽ ሜትር ሸሪክ ነበሩ፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይሰፋል። አንድ ቀን ለአንድ ሙሽራ ሱፍ ሲሠሩ ጨርቁ አለቦታው ታጥፎ ኖሮ፣ ሁለት እጅጌ ሲቆረጥ ሁለቱም የግራ ሆነ። ጨርቁ አልቋል፤ ሰርጉ ደርሷል፤ ሙሽራው መስተዋት ፊት ቆሞ ሁለቱም ክንዱ ወደ አንድ ወገን ሊሄድ ሲል አየ። አንዱ "ያጠፍከው አንተ" አለ፣ ሌላው "የቆረጥከው አንተ" አለ። ሱቁ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰውየው ተሻግረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሜትር ገንዘብ ሊያስገቡ ሲሻገሩ በሁለቱ መካከል የሚነገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ባለ ጃንጥላው "ስንት?" ይላሉ። ቆይተው ደግሞ "ገብቷል" ይላሉ።

ልጅቱ ቁጥሩን አስገባች። ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ወጣ። አጎቷ ስልኩን በክንዳቸው ርቀት አርቀው ጮክ ብለው አነበቡት፣ እንደታዘዙት።

"አያቱን አላውቅም ነበር" አሉ። "ስንት ዘመን አንድ መቀስ ስንይዝ፣ አያቱን የሚነግረኝ ስልክ ነው።"

ስልኩ መጠኑን ጠየቀ፤ አሥር ተባለ። ከዚያ የሚላክበትን ምክንያት ጠየቀ።

"ምን አገባው?" አሉ ጋሽ ሜትር።

"ሁሉንም ይጠይቃል፣ አጎቴ። የሆነ ነገር ይጻፉ።"

"ገንዘቤን ላምነው ነው፤ ምክንያቴንም ይውሰድ? አልናገርም።"

ባዶውን ስለማይቀበል ልጅቱ አንድ ነጥብ አስቀመጠችለት። ከዚያ ፊቷን ወደ በርሜሉ አዞረች። ጋሽ ሜትር ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ከነስልኩ ተከናንበው የሚስጥር ቁጥራቸውን መቱ፤ ለሚያልፍ ሰው የድሮ ፎቶግራፍ አንሺ ይመስሉ ነበር። ከኮታቸው ሲወጡ መልእክቱ ከእሳቸው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን አላዩም። ማዶ ነበር የሚያዩት።

በጎዳናው ላይ የጭነት መኪኖች ተከታትለው አለፉ። ሲያልፉ ቢጫው ጃንጥላ ታየ። ከሥሩ የተቀመጡት ሰው ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። አዩት። ወደ ፊታቸው አቀረቡት፤ አራቁት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና፣ በመኪኖቹ ላይ አሻግረው፣ ወዲህ አዩ።

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ከፍ አድርገው አወዛወዙ። ልጅቱ ሰው ፊት ሲያወልቁት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማዶ ያሉት ሰው እጃቸውን አነሡ። ቀኝ እጃቸውን። ቆይተው ደግሞ ግራውን ጨመሩ።

ወዲያው ስልኩ ጋሽ ሜትር እጅ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አሥሩ ከቢጫው ወደ ሰማያዊው ተመልሷል፤ ሳይጎድል። ባለ ጃንጥላው ግን ነጥብ አላስቀመጡም። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ለአንደኛው እጅጌ" የሚል ተጽፏል።

ጋሽ ሜትር አነበቡት። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ኢኮኖሚክስ ለዚህ የሚሆን ነገር ልጅቱን አላስተማራትም። ዓይናቸው እርጥብ መሆኑን ስታይ ቀለሙ ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረች፣ ቀለሙ የሚሸት እንጂ የሚያቃጥል ባይሆንም።

"ክሊኒኩን አምጪው" አሉ በመጨረሻ።

የክሊኒኩን ስም ጮክ ብለው አነበቡ፤ አንዲት ሴት የአውቶብስ ወረፋ እየተጣራ መስሏት ዞር አለች። መጠኑን አዩ፤ ክፍያውን አዩ፤ ምክንያት ሲባሉ "ዓይን" በይ አሉ፤ ኮታቸውን ተከናነቡ። ከኮታቸው ሥር ብዙ ስለቆዩ ልጅቱ የሚጸልዩ መሰላት። ሲወጡ ገንዘቡ ደርሶ ነበር። ክሊኒኩ መልሶ ለእትዬ ደወለ፤ እትዬ ለጋሽ ሜትር ደወሉ፤ ጋሽ ሜትር "ነግሬሽ አልነበር መንገድ ላይ ነኝ ብዬ" አሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው የተፈታ ዕለት ልጅቱም ነበረች። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ቀጥለው ባላቸውን አዩ፤ ከዚያ የባላቸውን ኮት ይዘው ወደ ብርሃኑ ሳቡት።

"ይኼን የአዝራር ቀዳዳ ማን ነው የሠራው?"

"እኔ" አሉ ጋሽ ሜትር።

"ያስታውቃል።"

ከዚህ የበለጠ ምስጋና ለሐኪሙ የሚቀርብ አይመስለኝም፤ እሱም ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ሜትር ግን ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው፣ ልብስ እንደሚለኩላት ሁሉ ትከሻዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ዕድሜ ይስጥሽ፣ ምሩቋ" አሉ። በየትኛው ድምፅ እንደሆነ መለየት አላስፈለጋትም። እሷም ያን ሁሉ ዓመት ሳትነግራቸው የቆየችውን፣ የቀሚሱን እጥፋት ነገር፣ እዚያው ነገረቻቸው። እሳቸውም ቀሚሱ አሁንም ቢፈለግ አንድ እጥፋት እንደሚቀረው ነገሯት።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ውስጥ እንደ ጋሽ ሜትር ያለ ሰባኪ የለም። የሚሰብኩት ደንበኛ ሲለኩ ነው፤ ሜትሩ ደረቱ ላይ ስለሚጠመጠም የሚያመልጥ አይኖርም። ወገብ ሲለኩ፣ ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው በቀጥታ የላከ ሰው ከማውጫው ክፍያ የክር ዋጋ እንደሚያተርፍ ያስረዳሉ። ትከሻ ላይ ሲደርሱ ጉልበቱን፣ ጊዜውንና ኪሱን ከድልድይ ላይ ሌባ እንደሚያድን ይጨምራሉ። እጅጌ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከመላክ በፊት ስም ጮክ ተብሎ መነበብ እንዳለበት፣ መጀመሪያ ትንሽ መላክ እንደሚገባ፣ የሚስጥር ቁጥር ለእናት ልጅም እንደማይነገር፣ የደረሰኙ ቁጥር መጥፋት እንደሌለበት ይመክራሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ተለክቶ ወጥቷል፤ አሁን የራሱን ታሪክ ሲተርክ "ስሙን ባነብ ኖሮ" የምትል አዲስ መዝጊያ ጨምሮበታል። ነጩን ሸሚዝ የወሰደው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ተመልሶ ሁለት ሐምራዊ አዝራር እንዲደረግለት ሌላ ሸሚዝ አዝዟል፤ እትዬ በሙሉ ዓይናቸው እያዩ ተከሉለት፣ እየተሳቀቁም ቢሆን።

ድልድዩ ተከፈተ። ግራጫው ከበፊቱ ግራጫ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያውቀው የወሰነው ኮሚቴ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጅቱ በዚያው ድልድይ ላይ ስትሻገር አጎቷን ከፊቷ አየቻቸው። በዝግታ ደረጃውን ወጥተዋል፣ መደገፊያውን ይዘዋል። ስትደርስባቸው ሸሚዛቸው ከላይ ተከፍቷል፤ ከሥሩ ያለው የደረት ኪስም አዝራሩ ተፈትቶ ባዶ ነው። ከማዶ ቢጫው ጃንጥላ ሥር ሁለት በርጩማ አለ፤ በአንዱ ባለ ጃንጥላው ተቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ባዶ ነው፣ አዲስ ነው። ባለ ጃንጥላው ጭናቸው ላይ አንድ ቁራጭ ሱፍ ዘርግተው፣ ደጋግመው እያጠፉና እየፈቱ ይጠብቃሉ።

"አጎቴ፣ ገንዘብ ይዘው ነው?" አለቻቸው።

"ምንም አልያዝኩ።"

"ታዲያ ስልኩ እያለ ለምን ይሻገራሉ? ጉልበትዎንስ?"

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን አስተካከሉ፤ መውረድ ጀመሩ።

"ስልኩም ጠይቆኝ አልነገርኩትም" አሉ ዞር ሳይሉ። "ለአንቺም አልናገርም።"